ላይብረሪያችን ባዶ ነው፣ ልጆቹ ለፕሮጀክት ምንጭ ከየት ያምጡ? ላልሽው እህታችን

ሰላም እህቴ፣ ኮመንት ላይ በአጭሩ ልመልስልሽ ብዬ ጀመርኩና ረዘመብኝ ስለዚ ለብቻው ፃፍኩት። ኩታበር አካባቢ አዲስ የተመደብሽ የ11ኛ ክፍል መምህር ነሽ፣ ልጆቹ በየትምህርቱ ፕሮጀክት ስሩ ይባላሉ፣ ላይብረሪው ውስጥ ከቴክስትቡክ በቀር የሚረባ ነገር የለም፣ ስልክ ያላቸው ከቻትጂፒቲ ገልብጠው ያመጣሉ የሌላቸው ደግሞ ከነሱ ይገለብጣሉ፣ ምን ላድርግ ነው ያልሽው። አብሽሪ። እኔም እዚሁ ወሎ ውስጥ ሀይስኩል ሳስተምር ነው የኖርኩት፣ ሂስትሪና ጂኦግራፊ፣ ችግሩን ከነምክንያቱ አውቀዋለሁ።

ብዙ ሰው ሊንክ ደርድሮልሻል፣ ይጠቅማል፣ ግን ሊንክ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። ልጁ ምንጭ የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ ርዕሱ ስለሚሰፋበት ነው። "የአየር ንብረት ለውጥ በኢትዮጵያ" ብለሽ ከሰጠሽው ከመገልበጥ ሌላ ምን ይላል፣ ከየት ይጀምራል፣ ማንን ይጠይቃል? "ቀበሌያችን ውስጥ የበልግ እህል የሚዘራበት ጊዜ ካያቶቻችን ዘመን ተለውጧል ወይ" ካልሽው ግን ወላሂ እንኳን እሱ ቻትጂፒቲም መልሱን አያውቀውም፣ የሚያውቁት አያቱ ናቸው፣ የቀበሌው የልማት ሰራተኛ ነው፣ ኮምቦልቻ ያለው የሚቲዎሮሎጂ ቢሮ ነው። ያኔ ምንጩ ራሱ እየተግተለተለ ይመጣል። ስለዚ መጀመሪያ ልጁ በእግሩ ሄዶ ወይ ባንድ ቀን ጠይቆ ሊደርስበት የሚችል እስኪሆን ድረስ ርዕሱን አብረሽው አጥብቢለት። እኔ እንደውም ይሄን ሳንጨርስ ስልክ አላስነካቸውም።

ሽማግሌ ጋ ስትልኪያቸው ደሞ ጥያቄውን አብረሽ ስሪላቸው። "ዝናብ ቀንሷል ወይ?" ብሎ የጠየቀ ልጅ "ኧረ ልጄ ድሮ ቀረ" የሚል መልስ ይዞ ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ለምንም አይሆንም። አንዷ ተማሪዬ አያቷን እንዴት እንደጠየቀች ልንገርሽ፣ እማማ በ66ቱ ድርቅ ጊዜ ስንት አመትዎት ነበር፣ ከዛ በፊት በበልጉ ምን ነበር የሚዘሩት፣ ጥር ላይ ነው የካቲት፣ አጨዳው ላይስ ሰኔ ገብቷል አልገባም እያለች። አያትየው በአመተ ምህረት አይቆጥሩም፣ "አጎትሽን ያረገዝኩ ጊዜ"፣ "የነእገሌ ሰርግ የተበላሸበት አመት" ነው የሚሉት። ልጅቷ ደብተሯን ለሁለት ከፍላ በግራ በኩል ያያቷን ቃል እንዳለ፣ በቀኝ በኩል ያጎቷን እድሜ እያሰላች አመቱን ፃፈች። ከዛ ሌሎች ሁለት ጎረቤት ሽማግሌዎች ጋ ሄዳ ያንኑ ጠየቀችና የማይስማሙበትን ቦታ በቀይ አሰመረችበት። እኔ ካነበብኳቸው የተማሪ ስራዎች ሁሉ ያ ቀይ መስመር ነው የማይረሳኝ፣ ምክንያቱም ምንጭን ከምንጭ ማስተያየት ማለት እሱ ነው ሌላ ምንም አይደለም። ብቻ የ66ቱንና የ77ቱን ስትጠይቁ ቀስ በሉ፣ ልጅ የቀበሩ ሰዎች ናቸው፣ መናገር ካልፈለጉ ልጁ ቡናውን ጠጥቶ መርቀውት ይመለስ።

ያያቶችን ቃል ከቁጥር ጋር ለማስተያየት ናሳ ፓወር የሚባል ዌብሳይት አለ፣ ነፃ ነው፣ ካርታው ላይ ቦታሽን ትነኪና ከ1981 ጀምሮ (በፈረንጅ) የየቀኑን ዝናብና ሙቀት በኤክሴል የሚከፈት አርጎ ያወርድልሻል። ግን ለልጆቹ ንገሪያቸው፣ ይሄ ከሳተላይትና ከሞዴል የተሰላ ግምት ነው እንጂ መሬት ላይ በመለኪያ የተለካ አይደለም፣ አንዱ ነጥብ ደግሞ በአስር ኪሎሜትሮች የሚቆጠር ስፋት ስለሚሸፍን ደሴንና ኮምቦልቻን ተቀራራቢ አርጎ ሊያሳይሽ ይችላል፣ በከፍታ ግን ከ500 ሜትር በላይ እንደሚለያዩ ቁልቁለቱን የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። ለዛ ነው የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያውን ልኬት በደብዳቤ መጠየቅ የሚያስፈልገው።

ደብዳቤ ካልኩ አይቀር፣ ከርዕሰ መምህሩ ማህተም ያለው የትብብር ደብዳቤ ብዙ በር ይከፍታል፣ ግን "ለሚመለከተው ሁሉ፣ መረጃ እንድትሰጧቸው" የሚል ከሆነ ልጆቹ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ ይውላሉ። ለወረዳው ግብርና ፅ/ቤት ተብሎ፣ የምን መረጃ፣ ከስንት እስከ ስንት ዓ.ም፣ ለየትኛው ክፍል ፕሮጀክት ተብሎ በግልፅ ይፃፍ። ሰኞ ጠዋት አትላኪያቸው ስብሰባ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪም ገብቶ ለማንበብ በዚሁ አይነት ደብዳቤ ጠይቁ፣ አንድ መምህር አብሯቸው ቢሄድ ይሻላል።

ሂስትሪ ላይ ሀብታም ናችሁ እኮ። ቦሩ ሜዳ አጠገብሽ ነው፣ የ1870ው የሃይማኖት ጉባኤ የተደረገበት፣ ውጫሌ ሩቅ አይደለም፣ ደሴ ከተማ ውስጥ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ አለ፣ ሙዚየሙም አለ። ልጆቹ እዚህ ላይ የሚደናቀፉት ሁለት ነገር ላይ ነው። አንዱ አቆጣጠር ነው። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ነው ይላል አንዱ፣ ሌላው ሜይ 2 ቀን 1889 ይላል፣ ልጁ አንዱ ተሳስቷል ብሎ ያስባል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ነው፣ እንግሊዝኛ መፅሀፍ ላይ ኦክቶበር 27 ቀን 1916 ሆኖ ነው የምታገኚው። ከመስከረም እስከ ታህሳስ 20ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በኛ አመት ላይ 7 መደመር፣ ከዛ በኋላ 8፣ የፈረንጁ ይመጣል፣ ይሄን ሰሌዳ ላይ ፃፊላቸውና እዛው ይቆይ፣ በኛ አቆጣጠር እንግሊዝኛ ሰርች አርጎ "ምንም የለም" የሚል ልጅ ብዙ ነው። ሁለተኛው ፊደሉ ነው፣ በእንግሊዝኛ ወሎን አንዱ ፀሀፊ በኦ ይፅፈዋል አንዱ በኢ ሌላው በኤ፣ ሀይቅን አንዱ በኬ ይጨርሰዋል አንዱ በኪው፣ ስለዚ አንድ ቦታ ባንድ አፃፃፍ ሰርች ተደርጎ ካልተገኘ በሌላውም ይሞከር። አማርኛም ቢሆን ያው ነው፣ ንጉሥ በሠ እና በሰ ለየብቻ ይሞከር።

ሰው የማያስታውሰው ትልቅ ምንጭ ደሞ የማስተርስ መመረቂያ ፅሁፍ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ፅሁፎቹን ኢንተርኔት ላይ በነፃ አስቀምጧል፣ የወረዳሽን ስም በእንግሊዝኛ ስትፅፊ ስለአፈሩ ስለጤናው ስለታሪኩ የተሰራ ነገር ይመጣል። ልጅ መቶ ምናምን ገፅ እንግሊዝኛ ያንብብ ማለቴ አይደለም፣ አብስትራክቱን፣ "የጥናቱ አካባቢ" የሚለውን ክፍልና መደምደሚያውን ብቻ። የጥናቱ አካባቢ የሚለው ውስጥ ከፍታው፣ ዝናቡ፣ የህዝብ ብዛቱ ተሰብስቦ ተቀምጦልሻል፣ ህዝብ ብዛቱ ግን ከ1999ኙ ቆጠራ መሆኑን ወይ ከዛ ወዲህ የተሰላ ግምት መሆኑን ልጁ ለይቶ ይፃፍ፣ ከ1999 ወዲህ አገራዊ ቆጠራ አልተካሄደም። ለባዮሎጂና ለኬሚስትሪም የኮምቦልቻዎቹን የለዮሌንና የወርቃን ወንዝ ውሃ የመረመሩ ጥናቶች ጎግል ስኮላር ላይ አሉ፣ ስለወሎ እስልምና ታሪክ የሚሰራ ልጅ ካለሽ ደግሞ የታሪክ ተመራማሪውን የፕሮፌሰር ሁሴን አህመድን ስም ፅፎ ይፈልግ፣ 19ኛውን ክፍለ ዘመን በደንብ ሰርተውታል፣ ከዛ የወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎቹን ጃማ ንጉሥን ወይ ዳናን የሚያውቁ ሸህ ካሉ ሄዶ ይጠይቃቸው።

ሀይቅ እስጢፋኖስን መስራት የፈለገች ሴት ተማሪ ነበረችኝ፣ ገዳሙ ደግሞ ሴት አይገባበትም፣ ልትተወው ነበር። የገዳሙ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነስተው አሜሪካ ያለው ሂል ሙዚየም የሚባል የብራና ላይብረሪ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧቸዋል፣ በነፃ ተመዝግቦ ማየት ይቻላል፣ 13ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተፃፈው የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ጭምር። ልጅቷ እቤቷ ቁጭ ብላ የብራናውን ገፅ በስልኳ እያጎላች አየችው፣ ማንበብ ሲያቅታት ሰፈሯ ያሉት መሪጌታ አነበቡላት። አሁንም ስለሷ ሳወራ ደስ ይለኛል።

ቻትጂፒቲን ከልክይ አልልሽም፣ አትችዪውምም። ግን የሌለ መፅሀፍ ከነደራሲው ከነገፁ ፈጥሮ ይሰጣል፣ በጣም እውነት ይመስላል። የኔ ህግ አንድ ናት፣ ሪፈረንስ ብለህ የፃፍከውን ከፍተህ ወይ ይዘህ መጥተህ አሳየኝ፣ ካላሳየኸኝ ይሰረዛል። የሚጠቅመው ለሰርች ቃል ነው፣ "የበልግ ዝናብ መዛባት" በእንግሊዝኛ እንዴት ተብሎ ቢፈለግ ይገኛል ብለው ይጠይቁት፣ እዛ ላይ ጎበዝ ነው።

ስልክና ዳታ ለሌላቸው፣ ግሩፕ ስትከፍዪ በውጤት ሳይሆን በስልክ ክፈዪ፣ በየግሩፑ አንድ ስልክ ይኑር። ኪዊክስ የሚባል አፕ አለ፣ ዊኪፒዲያን ያለኢንተርኔት ያስነብባል፣ ሙሉው እንግሊዝኛ በጣም ከባድ ስለሆነ የተመረጡትን ትንንሽ ፋይሎች ደሴ ዋይፋይ ያለበት ስትሄጂ አውርጂና በሚሞሪ ካርድ ወይ በዜንደር አድያቸው። የአማርኛው ዊኪፒዲያ ገና ትንሽ ነው ብዙ አትጠብቂበት። ፒዲኤፎቹን ባንድ የቴሌግራም ቻናል ሰብስቢ፣ ፋይሉን ስትጭኚ ግን ስሙን ቀይሪው፣ ርዕስ፣ ፀሀፊ፣ አመት ተብሎ ይፃፍ፣ አለበለዚያ በወሩ አንቺ ራስሽ አታገኚውም።

የትብብር ደብዳቤውን ናሙና በኢንቦክስ ልኬልሻለሁ፣ የትምህርት ቤታችሁን ስምና የምትፈልጉትን መረጃ ብቻ ቀይሪበት። ልጆቹ የመረጧቸውን ርዕሶች ደሞ እዚሁ ኮመንት ላይ ፃፊልን፣ የሰፋውን አብረን እናጠብበዋለን፣ እዚህ ግሩፕ ውስጥ የግብርናም የጤናም ባለሙያ ስላለ የትኛው ቢሮ ምን መረጃ እንዳለው ይነግሩሻል።