ጠይቁኝ፦ አውሮራ፣ ራዳርና የድሬ ባጃጅ

በምድር ዋልታዎች አካባቢ ሌሊት ሰማዩን አረንጓዴ ስለሚያደርገው ብርሃን፣ ስለ አውሮራ፣ ያንን ሰማይ ከሦስት የሰሜን አውሮፓ አገሮች ሆኖ ስለሚያጠናው ኢስካት ስለሚባለው ራዳርም፣ ባለፈው ትንሽ ብል ጥያቄው ጎረፈ። የድሬ ፀሐይ በረድ ብላለች፤ ከዚራ ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ ብዬ የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ እዚያ ላይ አየሩ እንደሌለ ነው። ራዳሩ ምኑን ያያል?

ኤሌክትሮኖችን ነው። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ስስ አየር በከፊል ወደ ኤሌክትሮንና አዮን (ኤሌክትሮን የጎደለው የአየር ቅንጣት) ተለያይቷል። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ከራዳሩ ሞገድ እጅግ ጥቂቷን ይበትናል። ተመልሶ የሚመጣው ኢምንት ስለሆነ የራዳሩ አንቴና ሳህን ይገዝፋል፤ ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ያለው 32 ሜትር ስፋት አለው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መንቀሳቀሳቸውንስ በምን ያውቃል?

ባጃጅ ይመስክር። አስፋልት ዳር ቆመህ፣ ጥሩምባውን እየነፋ ሲመጣ ድምፁ ቀጠን ይላል፤ አልፎህ ሲሄድ ወፈር። ዶፕለር የሚባለው ይኸው ነው። የትሮምሶው ራዳር 930 ሜጋኸርዝ ገደማ ይልካል። ኤሌክትሮኖቹ የሚከተሏቸው አዮኖች በሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ወደ እሱ ከመጡ፣ ሞገዱ 6,200 ኸርዝ ያህል ጨምሮ ይመለሳል። ከ930 ሚሊዮን ላይ 6 ሺህ! ግን ይለካል። የሚመለሰው ደግሞ ጥርት ያለ አንድ ድምፅ አይደለም፤ አዮኖቹ በሙቀት ስለሚራወጡ ሰፋ ብሎ ይመጣል። ከስፋቱ ሙቀቱን፣ ከመሃሉ መዛነፍ ፍጥነቱን ያወጣሉ።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ ታዲያ አንድ ራዳር አይበቃም? ለምን ሦስት አገር?

ይቺን ወደድኳት። ባጃጁ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያቋርጥ፣ ልክ ፊት ለፊትህ በደረሰባት ቅጽበት ድምፁ ከፍም ዝቅም አይልም። እየበረረ ነው፤ ግን ወደ አንተ አልቀረበም፣ አልራቀም። ራዳርም በጎን የሚያልፈውን አያይም። ስለዚህ ኢስካት እ.ኤ.አ. በ1981 ሥራ ሲጀምር ትሮምሶ ይልክ፣ ኪሩና (ስዊድን) እና ሶዳንኪላ (ፊንላንድ) ደግሞ ያንኑ የሰማይ ቁራጭ ከየአቅጣጫቸው ያዳምጡ ነበር። ሦስቱ ሲደመሩ ትክክለኛው አቅጣጫ ይወጣል።

ጥያቄ፦ አዮኖቹን የሚነዳቸው ነፋስ ነው?

ከፍ ሲል ኤሌክትሪክ ነው። በሜትር 50 ሚሊቮልት፣ ከምድር ማግኔት ጋር ተባብሮ፣ በሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ያስኬዳቸዋል። ወደ 110 ኪሎ ሜትር ሲወርዱ ግን ከአየሩ ጋር እየተላተሙ ነፋሱም ይጎትታቸዋል። የዚያን ከፍታ ነፋስ የሚያሰሉት ከዚሁ ተነስተው ነው።

ጥያቄ፦ አቦ፣ አውሮራው ለእኛስ ድሬ ላይ አይታይም?

አይታይም፣ አትጠብቅ። ግን ሰማያችንም ሥራ አልፈታም። የማግኔት ወገብ (የምድር ማግኔት መስመሮች አግድም የሚተኙበት) በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ ቀን ቀን 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። በዚሁ ወገብ ላይ፣ ፔሩ ውስጥ፣ የሂካማርካ ራዳር ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይህንኑ ሲለካ ኖሯል። እኛ ጥላ ፍለጋ ስንሮጥ ጅረቱ ከላያችን እየፈሰሰ ነው።