ጣና ሐይቅ ሆኖ ሳለ ከተማችን ለምን «ባሕር ዳር» ተባለች?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ። ጣና ሐይቅ ነው፤ «ባሕር» የሚለው ከየት መጣ ነው ያልከው። በግዕዝ «ባሕር» ሐይቅንም ይጨምራል። የገሊላ ባሕርን አስብ፤ እሱም እንደ ጣና ጨው አልባ ሐይቅ ነው።

አረብኛው «በሕር» ደግሞ ትልቅ ወንዝም ይሆናል። ሱዳኖች ዓባያችንን «በሕር አል-አዝረቅ»፣ ሰማያዊው ባሕር፣ ይሉታል። ከወንዙ በስተሰሜን ያለችው የካርቱም ክፍልም «በሕሪ» ትባላለች። ከጣና የወጣው ውኃ እኮ በእሷ ደጅ ነው የሚያልፈው! ይሄ ሁሌም ይገርመኛል። አረቦች የግጥም ምትንም «በሕር» ይሉታል። ስዋሂሊ ከአረብኛ ወስዶ «ባሃሪ» አለው፤ ትርጉሙ ያው ባሕር ነው።

የእኛ «ባሕር ዛፍ»ስ? ከባሕር ማዶ፣ ከአውስትራሊያ ስለመጣ ነው።