ወረርሽኝ ሲመጣ ሐኪሙና ነርሷ ምን ይሆናሉ? ጠይቁኝ

ሰላም ጎንደሮች እንዴት ናችሁ። ነርስ ነኝ፣ በኮሮና ጊዜ አይሶሌሽን (ታማሚው ለብቻው የሚተኛበት ክፍል) ውስጥ ሰርቻለሁ። ዛሬ ዲውቲ የለኝም፣ የምትጠይቁትን እመልሳለሁ፣ የታካሚ ስም ብቻ እንዳታነሱብኝ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ በኮሮና በዓለም ላይ ስንት ጤና ባለሙያ ሞተ?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ ከ2020 መጀመሪያ እስከ ግንቦት 2021 ባለው ጊዜ ከ80 ሺህ እስከ 180 ሺህ ይሆናል ብሎ ገምቷል፣ መሀለኛው 115 ሺህ 500 ነው። የሚያሳዝነው ግምት መሆኑ ራሱ ነው፣ ብዙ አገር የሞቱበትን ባለሙያዎች በስራቸው ለይቶ አልመዘገበም።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ያን ያህል ሰው ሳይሞት ሆስፒታሉ ለምን ሰው አጠረው?

መልስ፦ ይሄን ብዙ ሰው አያየውም። አንዷ ነርስ ፖዘቲቭ ስትባል አብረዋት የበሉት፣ ሺፍት የተቀባበሏት፣ ዲውቲ ክፍል አብረዋት የተኙት ሁሉ ያኔ 14 ቀን ኳራንቲን ይገቡ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ታሞ ዎርዱ በሙሉ ይራቆታል፣ የቀረነው ደራርበን እንገባለን፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ ሰው ደግሞ መድሀኒት ሲለካ እጁም አይኑም ይደክማል። ባለሙያው ሲጎዳ መጨረሻ ላይ የሚጎዳው አልጋ ላይ ያለው ሰው ነው፣ እኔ ሁሌም የምለው ይሄንኑ ነው።

ጥያቄ፦ ማስክና ጋውን ካለ ግን ምን ያሰጋል?

መልስ፦ ሲለበስ ሳይሆን ሲወልቅ ነው የሚያሰጋው። ከሰአታት በኋላ ላብ በላብ ሆነሽ፣ ውሀ ጠምቶሽ፣ ሽንትሽን ይዘሽ ትወጫለሽ፣ ያኔ ነው መቸኮል የሚመጣው። መጀመሪያ ጓንቱ፣ እጅ ማፅዳት፣ ከዛ ፌስሺልዱ ከኋላ በኩል ተይዞ፣ ከዛ ጋውኑ የውጪው ፊት ወደ ውስጥ እየተጠቀለለ፣ ኤን-95 ማስኩ መጨረሻ ላይ ከክፍሉ ከወጣሽ በኋላ ፊቱን ሳትነኪ በላስቲኩ ብቻ፣ ከዛ እንደገና እጅ መታጠብ። አንዴ ሳታስቢው አይንሽን ካሸሽ አለቀ። ለዛ ነው አንድ ሰው ቆሞ እያየ "እጅሽ! እጅሽ!" የሚልሽ፣ ሰው ሲያንስ ግን መጀመሪያ የሚቀረው ያ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ጎረቤት ይሸሻችሁ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። እኔን አከራዬ ቤት ልቀቂ ብለውኛል፣ ልጆች ነበሯቸውና ፍርሀቱ ይገባኛል፣ ግን በጣም አሞኛል። ከበሽታው ይልቅ እሱ የሰበራቸው ጓደኞች አሉኝ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የህዳር በሽታ ጊዜስ ሐኪም ነበር?

መልስ፦ አባባ፣ በ1911 ዓ.ም. ያ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ሲገባ አዲስ አበባ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፣ ከነሱም የሞቱ አሉ። የኛው የጎንደር ጤና ኮሌጅም ቢሆን የመጣው በወረርሽኝ ምክንያት ነው፣ እዚሁ አጠገባችን ያለውን ደምቢያን ወባ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. ጤና መኮንን፣ ኮሚኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንፅህና ባለሙያ) ለማሰልጠን ተከፈተ። ያኔ የነበረው ሀሳብ ባለሙያው ወረርሽኙ ከመድረሱ በፊት ገጠር ይገኝ የሚል ነበር፣ ዛሬም ከዚህ የተሻለ ሀሳብ አላየሁም።

ጥያቄ፦ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላስ ሁሉም ይመለሳል አይደል?

መልስ፦ አይመለስም። በኢቦላ ጊዜ ላይቤሪያ ከሐኪሞቿ፣ ከነርሶቿና ከአዋላጆቿ 8 በመቶ የሚሆኑትን በሞት አጥታለች፣ እና አዋላጅ በአንድ አመት አትተካም፣ ኢቦላው ከሄደ በኋላም ምጥ የያዛት እናት የምታዋልዳት ታጣለች። በህይወት ያለውም ሁሉ አለ ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 በርንአውትን ከስራ የሚመጣ ችግር ብሎ መዝግቦታል፣ በሽታ አላለውም፤ ምልክቶቹ የማይለቅ ድካም፣ ከስራው በልብ መራቅ፣ ምንም የማልረባ ነኝ የሚል ስሜት ናቸው። ሦስቱንም ጎበዝ በምላቸው ባልደረቦቼ ላይ አይቻለሁ። የዲውቲ ክፍያና የሪስክ አበል ሲዘገይ ደግሞ ይብስበታል፣ ጀግና ተብሎ ማጨብጨብ የቤት ኪራይ አይከፍልም።

ጥያቄ፦ የኮሮና ክትባቱ ላይ ለምን እናንተ ቀደማችሁ?

መልስ፦ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲጀመር መጀመሪያ የተሰጠው ለጤና ባለሙያ ነው፣ ልክም ነበር። እኛ ከታመምን በሽታውን ከአልጋ ወደ አልጋ የምናደርሰው እኛው ነን።

ጥያቄ፦ ሌላ ጊዜ እንዲህ ቢመጣ እኛ ከውጭ ሆነን ምን እናግዝ?

መልስ፦ ለአንድ ታካሚ አንድ አስታማሚ ብቻ ይግባ፣ አስርና አስራ አምስት ሆናችሁ አትምጡ፣ ለመጠየቅ ስልክ ይበቃል። ሳል ካለባችሁ ካርድ ስታወጡ ወዲያው ተናገሩ፣ ትሪያጅ (መጀመሪያ ታይታችሁ የምትለዩበት ቦታ) ላይ አትደብቁ። ጎረቤታችሁ ነርስ ካለች ደግሞ ከዲውቲ ስትመለስ ልጇን የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋታል።