ፋሲል ግቢ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናቴንና የአሥር ዓመት ልጄን ይዤ ጎንደር ልሄድ ነው። ለፋሲል ግቢ ያለን አንድ ጠዋት ብቻ ነው። ባለፈው ስንዞር ግንቡ ሁሉ ተመሳሰለብን። ከየት እንጀምር? የአፄ ኢያሱ ግንብስ ጣሪያውን ምን በላው? (ከደብረ ታቦር)

መልስ፦ የሚመሳሰለው ተራውን ሳይዙ ሲያዩት ነው። በጥቅሉ ከደቡብ ወደ ሰሜን ከሄዱ ግቢው እንደ ትውልድ ሐረግ ይነበባል። መነሻዎ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን የቆረቆሩት የአፄ ፋሲል ግንብ ይሁን፤ በአራቱም ማዕዘን ጉልላት የደፋ ክብ ማማ አለው። እናትዎ ምድር ቤቱን ይዩ፣ ደረጃው ግን ይቅርባቸው። ልጅዎን የበርና የመስኮቱን ቅስት ያሳዩት፤ ግድግዳው ጠቆር ያለ ጠንካራ ድንጋይ ሲሆን ቅስቱ ቀላ ያለ ነው። ቀዩ ልል ስለሆነ ለመጥረብ ይመቻል።

ቀጥሎ የልጃቸው የአፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ነው። ልስኑ የጣሊያን ዘመን ሥራ ስለሆነ ድሮ እንዲህ ነበር ብለው እንዳይወስዱት።

የልጅ ልጃቸው የአፄ ኢያሱ ግንብ ሁለት ጊዜ ተመትቷል፤ በ1704 በመሬት መንቀጥቀጥ፣ በ1941 ደግሞ ጣሊያን ግቢውን ይዞ ስለነበር በእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ቆም ብለው ሊያዩት የሚገባው ይህንን ነው፤ ከላይ ክፍት ስለሆነ የግድግዳው ውፍረትና አሠራሩ ፍንትው ብሎ ይታያል። ድንጋዩን የያዘው ኖራ ነው። ጣሊያኖች በሌሎቹ ግንቦች ላይ በሲሚንቶ ጠግነው ነበር፤ ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፣ ከድንጋዩም ይጠነክራል፣ ስለዚህ የሚሰነጠቀው ድንጋዩ ይሆናል። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አብዛኛው ተነሥቶ በኖራ የተተካው ለዚህ ነው።

የአፄ ዳዊትን የዘፈን ቤት በቁም አይተው ይለፉ። የአንበሶቹ ቤት ለልጁ ነው። ከዚያ የአፄ በካፋን ግብር ቤት (የግብዣ አዳራሽ) አይተው በባለቤታቸው በእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ይጨርሱ።

በሐምሌና በነሐሴ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ለእናትዎ ሶሉ የማያዳልጥ ጫማ ያስፈልጋል። የፋሲል መዋኛ ከግቢው 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ በባጃጅ ይሂዱ። ገንዳው ከቀሃ ወንዝ ውኃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው፤ በሌላው ጊዜ ደረቅ መሆኑን ለልጁ አስቀድመው ይንገሩት።