ባይኖኩላርህ ቀዩን እየበላብህ ነው

አንድ የሐዋሳ አስጎብኚ ወንድማችን ስለ ባይኖኩላሩ (የሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው መነጽር) ይጠይቃል። ፍቅር ሐይቅ ዳር አበባ ላይ ሁለት ዓይነት ሰንበርድ፣ ማለትም የአበባ ማር የምትቀስም ትንሽ ወፍ፣ ይመላለሳሉ፤ ስማቸው ቢዩቲፉልና ቫርያብል። እንግዶቹ በራሳቸው ባይኖኩላር ወዲያው ይለዩዋቸዋል። እሱ ሲያይ ግን ሁለቱም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነገር ናቸው፣ አሥር ደቂቃ ካየ ደግሞ ራሱን ያመዋል። ዕቃውን የገዛው ያገለገለ ነው፣ አንዴ ወድቆ ተጠግኗል፣ ሌንሱ ከፊት ሲታይ ቀይ ያብለጨልጫል።

ወንድሜ፣ እኔ «ቀይ ያብለጨልጫል» የምትለዋን ሳነብ ነው የነቃሁት። ዓይንህ ደህና ነው። ያ ቀይ ቅብ ለገበያ እንዲያምር የተቀባ ነው፣ ስንቱን አታልሏል መሰለህ! ሌንሱ ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ ከመለሰው ዓይንህ ጋ ምን ይደርሳል? የቢዩቲፉል ወንዱ ምልክት ደግሞ እዚያው ነው፤ ደረቱ መሃል ቀይ፣ ግራና ቀኙ ቢጫ፣ ከጭራው መሃል ሁለት ረጃጅም ላባ። ቫርያብሉ ደረቱ ወይን ጠጅ፣ ሆዱ ቢጫ፣ ጭራው አጭር። ጭራውን ብቻ አትመን፣ ላባ ሲቀይር ረጅሙ ሊጎድል ይችላል።

ለማረጋገጥ ነጭ ወረቀት ጥላ ውስጥ ስቀልና በባይኖኩላሩ እየው። ወደ አረንጓዴ ካደላ ጥፋተኛው ቅቡ ነው፣ እሱ ደግሞ አይጠገንም።

የወፎቹ አረንጓዴ ለምን እንደሚጠቁር ልንገርህ፣ ይህን ነገር ማውራት እወዳለሁ። ዝናብ ካቆመ በኋላ አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ አይተሃል? ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ራስህን ዘንበል ስታደርግ ይቀየራል። ናፍጣው ውስጥ ቀለም የለም። ስስ ሽፋን ነው፣ ከላዩ የተመለሰው ብርሃንና ከሥሩ የተመለሰው ተገናኝተው አንዱን ቀለም ያጎላሉ፣ ሌላውን ያጠፋሉ። የሌንስ ቅብም ያው ነው፣ ከፀጉር በመቶዎች እጥፍ የቀጠነ። የወፏ ላባ ውስጥም እንዲህ ያለ ስስ ድርብርብ አለ። ስለዚህ ፀሐይ ከጀርባህ ስትሆን አረንጓዴው ይበራል፣ ወፏ ትንሽ ስትዞር እንደ ከሰል ትጠቁራለች። የአሜሪካው ትንሽ ወፍ ሀሚንግበርድም ጉሮሮው በዚሁ ምክንያት አንዴ ቀይ አንዴ ጥቁር ይመስላል፣ እዚያም ሰው በሱ ይሳሳታል። የኛው ቢዩቲፉል ደረት ላይ ያለው ቀይ ግን እንዲህ አያብረቀርቅም፣ ስለዚህ እሱ ከጠፋብህ በማዕዘን አታሳብብ።

ታዲያ ጠዋት ጀርባህን ለከተማው ሰጥተህ ወደ ሐይቁ እይ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ናት፣ ያኔ ቦታ ቀይር። በባይኖኩላር ፀሐይ እንዳታይ! ለአፍታም ቢሆን፣ ለሙከራም ቢሆን። ዓይን ይቃጠላል፣ ሲቃጠል ደግሞ አያምም።

ራስ ምታቱ ከውድቀቱ ነው። ሩቅ ያለ የመብራት ሽቦ እያየህ ባይኖኩላሩን ከፊትህ ቀስ ብለህ አርቀው። ሽቦው በግራና በቀኝ ክብ እኩል ከፍታ ላይ ካልሆነ ፕሪዝሙ፣ ውስጥ ያለው ብርሃን የሚያጥፈው መስታወት፣ ከቦታው ተናግቷል። ብዙዎቹ ላይ ጎማውን ስታነሳ ትንንሽ ቡሎኖች ታገኛለህ። መነሻዋን በእስክሪብቶ ምልክት አድርግና በቀጭን ካቻቢቴ በጣም በትንሹ አዙር፣ እንደገና ሽቦውን እይ። ሽቦውን ነው ያልኩህ፣ ፀሐይዋን አይደለም።

ከፍተህ ሱፐር ግሉ ካገኘህ ግን እዚያው ተው። አንዱ ያመጣልኝ ባይኖኩላር ፕሪዝሙ በሱ ተለጥፎ፣ ጢሱ መስታወቱን ሁሉ ነጭ ጉም አልብሶት ነበር። ጠጋኙን ባገኘው! ለማላቀቅ ሞክሬ የፕሪዝሙ ጠርዝ ተሰበረ።

በገንዘብህ ሌላ ስትገዛ ሌንሱ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ የሚያንጸባርቀውን ምረጥ፣ 8 በ40 (ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት ሌንሱ 40 ሚሊሜትር ስፋት ያለው) ከሆነ ለወፍ ይበቃሃል። ሻጩ «መቶ እጥፍ ያቀርባል» ካለህ ሰላም ብለህ ሂድ። ሴቶቹን ሰንበርዶች ግን በዕቃው አታሳብብ፤ እነሱ በደህናውም ያስቸግራሉ።