«መድኃኒትሽን ተዪው፤ ውሃው ይበቃሻል»

ጥያቄ፦ እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ስኳርና ግፊት አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ መውጣት አቁማለች። ጎረቤቶቻችን ኤረር ፍል ውሃ ሊሄዱ ነው፤ ሦስት ቀን ጠዋትና ማታ መነከር፣ ከዚያ ወይባ ጢስ። «መድኃኒትሽን ተዪው፤ ውሃው ይበቃሻል» አሏት። ልውሰዳት?
(ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ውሰጃቸው። መድኃኒታቸውን ግን አንቺ ያዢላቸው፤ እንዳያቋርጡ። ያቺን ጎረቤት «አቦ ተይን!» በያት።

ልጅ ሆነን ከሐረር ወደ ድሬ ወርደን፣ ኤረር በባቡር ነበር የምንሄደው። ፍራሽ፣ ጀበና፣ ሙቀጫ ሳይቀር ይጫናል። አንድ ጊዜ ስኳር ያለባት አክስቴ እግሯን ምንጩ አፍ አጠገብ ከተተች። «እሰይ! ደስ ሲል!» እያለች ቆየች። ማታ ስናይ አውራ ጣቷ ውሃ ቋጥሯል። ተቃጥላ አልተሰማትም! ቁስሉ ለመዳን ወራት ፈጀ። ስኳር የእግርን ነርቭ ሲያደነዝዝ እንዲህ ነው።

ስለዚህ ውሃውን አንቺ በክርንሽ ሞክሪው። ክርንሽን ከለበለበው እናትሽ አይገቡም። 10 ደቂቃ ይበቃል። ሲወጡ ደግፈሽ፣ ቀስ ብለው፤ ሙቀት የደም ሥር ስለሚከፍት ግፊት ድንገት ወርዶ ያዞራል። የጣቶቻቸውን መሀል አድርቂ፣ ማታ በባትሪ እግራቸውን እዪ። ቁስል ካለ መነከር የለም።

ኢንሱሊን በሙቀት ቶሎ ወደ ደም ይገባል፤ ስኳራቸው ሊወርድ ስለሚችል ከረሜላ ከእጅሽ አይጥፋ። የኤረር ፀሐይ ደግሞ ኢንሱሊኑንም ያበላሻል። በላስቲክ ጠቅልለሽ እርጥብ ጨርቅ የለበሰ ገንቦ ውስጥ፣ ጥላ ላይ አስቀምጪው።

ወይባው ለእሳቸው ይቅር። እኔ ወዳጁ ነኝ፤ ልጆቼን በወለድኩ ቁጥር ገብቼበታለሁ። ጉድጓዱ ላይ ተቀምጠሽ፣ እስከ አንገትሽ በብርድ ልብስ ተጠቅልለሽ፣ ላብሽ ሲንቆረቆር... ሽታው ሳምንት አይለቅም። ግን ግፊትና ስኳር ላለበት ሰው ያ ሁሉ ሙቀት ይከብዳል። አንቺ ከገባሽ በሩ ክፍት ይሁን፤ የታፈነ ጢስና ፍም ይመርዛል።

ጉልበቱን ሙቀቱ በእርግጥ ያላላዋል፤ ለጊዜው ነው እንጂ። ከውሃው እንደወጡ ተቀምጠው እግራቸውን አጠፍ ዘርጋ ያድርጉ። ስትመለሱ ስንት ደረጃ እንደወጡ ጻፊልኝ።