የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ለምታዘጋጁ የሰሜን ሸዋ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ከእንስሳት እርባታ ሙያ በጡረታ ከተሰናበትኩ ወዲህ የስኮላርሺፕ ማመልከቻችሁን ይዛችሁ ደብረ ብርሃን ቤቴ ድረስ የምትመጡ በርክታችኋልና፣ ለእያንዳንዳችሁ የምደጋግመውን ለሁላችሁም በጽሑፍ ላድርሰው፤ አሻሽለዋለሁ የምትሉትን ነገር ሥራ ላይ ውላችሁ ሳታውቁት ወደ ውጭ ለመሄድ አትቸኩሉ።

ዕድሉን የሚሰጡትም ቢሆኑ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው ቺቭኒንግ የተባለ ስኮላርሺፕ 2,800 ሰዓት፣ ማለትም የሁለት ዓመት ያህል የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የማስተርስ ትምህርቱን የጨረሰም ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ያስገድዳል። የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ተቋም የሆነው ዳአድም ከልማት ጋር ለተያያዙ የድኅረ ምረቃ ፕሮግራሞቹ የሁለት ዓመት ልምድ ይፈልጋል። ይህን መስፈርት ስታማርሩበት እሰማለሁ፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚጠቅማችሁ እሱ ነው።

ምክንያቱን ከሙያዬ ላሳያችሁ። ከውጭ የመጣውን የአዋሲ ዝርያ ከመንዝ በግ ጋር አዳቅሎ አውራዎችን ለገበሬው ማከፋፈል በአካባቢያችን ለብዙ ዓመታት ተሞክሯል። ይሁን እንጂ ዲቃላው የተሻለ መኖና እንክብካቤ ስለሚሻ፣ የመንዝ ገበሬ ደግሞ በጉን የሚያረባው ውርጭ በሚመታውና ግጦሹ በሳሳ ደጋ ላይ ስለሆነ፣ ውጤቱ የታሰበውን ያህል አልሆነም። በ2001 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የዝርያ ማሻሻያ ግን ከገበሬው በግና ከገበሬው ምርጫ ተነሣ። ጠቦቶቹ ይመዘናሉ፣ ይመዘገባሉ፤ ከዚያም ገበሬዎቹ ከባለሙያዎቹ ጋር ሆነው ክብደቱን ከመዝገቡ፣ ቀለሙን፣ ላቱንና ቀንዱን በዓይናቸው አይተው የተሻሉትን ለአውራነት ያስቀራሉ፣ በጋራም ይጠቀሙባቸዋል። ዓለም አቀፎቹ የምርምር ተቋማት ኢካርዳ (የደረቅ አካባቢ ግብርና) እና ኢልሪ (የእንስሳት ሀብት) እንዲሁም የቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ በተሳተፉበት በዚህ ሥራ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የዶክትሬት ጥናታቸውን ሠርተዋል። ዘዴው ከውጭ ቢመጣም ጥያቄው የመንዝ ነበር።

በወረዳ መሬት አስተዳደር የሚሠራ አንድ ወጣት «በአገሬ ያለውን የመልካም አስተዳደር ችግር እፈታለሁ» የሚል ድርሰት ይዞልኝ መጣ። ቡና እየጠጣን ስለ ሥራው ብጠይቀው፣ የቀበሌው መዝገብና የወረዳው ፋይል ስለማይገናኙ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት የይዞታ ደብተሩን በስማቸው ለማዞር ከቆላ በእግራቸው እየወጡ ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ አጫወተኝ። ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍከውም ስለው «ጋሼ፣ እሱ እኮ ትንሽ ነገር ነው» አለኝ። መልካም አስተዳደርንማ አመልካች ሁሉ ይጽፈዋል፤ የዚያን መዝገብ ነገር ግን ከእሱ በቀር ማን ሊጽፈው ይችላል?

ድሮ ሥራ ሳያውቁ በልጅነታቸው ሄደው አገር የጠቀሙ አልነበሩምን ትሉኝ ይሆናል። ነበሩ። የእኛው የሲያደብር ተወላጅ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ሩስያ ሄደው መድፈኝነት ተምረዋል፤ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። ነገር ግን ከዚያ በፊት ጅጅጋንና ጨርጨርን አስተዳድረው፣ የአገሩን አገዛዝ ከውስጥ አይተውት ነበር። ደግሞም ያን ጊዜ ውጭ የተማረ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር።

ስለ ማመልከቻው አሠራር ብዙ አልልም። የድጋፍ ደብዳቤ የምትጠይቁት ሥራችሁን በቅርብ የሚያውቀውን አለቃ ይሁን፤ ትልቅ ማዕረግ ያለው ግን የማያውቃችሁ ሰው የሚጽፈው ደብዳቤ ባዶ ነው። ማመልከቻውን ለመላክ የቀነ ገደቡን የመጨረሻ ቀን አትጠብቁ፤ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አትረሱም።

ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ከመሥሪያ ቤታችሁ ጋር የትምህርት ፈቃዱን በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ ስትመለሱ በየትኛው የሥራ መደብ እንደምትመደቡም በግልጽ እንዲሰፍር አድርጉ። አለቃ ይቀያየራል፣ የቃል ስምምነትም አብሮት ይሄዳል፤ ተምሮ መጥቶ መደቡ በሌላ ሰው ተይዞ የሚጠብቀው ባለሙያ ያሻሽለዋል የተባለው ሥራ አጠገብ ሳይደርስ አገሩ እንዲቆይ የተገደደበት ሁለት ዓመት ያልቅበታል።